ጋሽ ደምሴና ሁለት ጊዜ የተወለደችው ኢምፓላ

ጋሽ ደምሴ ማረፋቸውን የሰማሁት ሜክሲኮ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ለባቡሩ ሐዲድ አደባባዩ ተቆፋፍሮ መሄጃ መቆሚያ የጠፋበት ሰሞን ነበር። ከፊቴ አራት ሰው አልፋ የቆመች ሴት ዞር ስትል አየችኝና "ሒሩት! አንቺ ሒሩት!" ብላ ተራዋን ጥላ መጣች። አስቴር ናት። ድሮ ካዛንቺስ፣ አንድ ኢንሹራንስ ቢሮ አብረን ስንሠራ መዝገብ ቤት የነበረችው። ተሳሳምን፣ ስለ ልጆች ተጠያየቅን።

"የጋሽ ደምሴን ሰማሽ አይደል?" አለችኝ።

"ምን ሆኑ?"

"ውይ፣ አልሰማሽም? አርፈዋል እኮ። አርባቸውም ወጥቷል።"

ደነገጥኩ። ከንፈሬን መጠጥኩ። ቀጥሎ ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ሳቄ መጣ። ቀድሞ የታየኝ ፊታቸው አልነበረም። ከአንዲት የሙሽራ መኪና ሥር የወጡ ሁለት እግሮች ናቸው የታዩኝ፤ ጫማው የተወለወለ፣ አንዱ ካልሲ ነጭ፣ አንዱ ግራጫ። አስቴር ፊቴን አይታ ገባት።

"የኔ ሰርግ ነው አይደል ትዝ ያለሽ?" አለች፤ እሷም አልቻለችም። ሁለታችን አፋችንን በነጠላ ይዘን ስንንፈቀፈቅ፣ ከኋላችን የቆሙ አንድ ሽማግሌ "ሰው ሞተ እየተባለ ይሳቃል እንዴ!" ብለው ተቆጡን። እውነታቸውን ነው። ግን ጋሽ ደምሴን ቢያውቋቸው ኖሮ እሳቸውም ይስቁ ነበር።

ጋሽ ደምሴ የቢሯችን የመኪና መርማሪ ነበሩ። አንድ ደንበኛ መኪናውን ኢንሹራንስ ሊያስገባ ሲመጣ ወጥተው ያዩና ፎርም ይሞላሉ፤ ሲጋጭም ጉዳቱን ይገምታሉ። አጠር፣ ደንደን ያሉ ሰው ናቸው። ክረምት ከበጋ ከማይለያቸው ካኪ ካፖርት ኪስ ውስጥ እርሳስ፣ የእጅ ባትሪና የጥርስ ሐኪም መስታወት አይጠፋም። መስታወቱን ከየት እንዳመጡት ስንጠይቃቸው "ከጥርስ ሐኪም" ይሉናል፤ በቃ፣ ከዚያ በላይ አይናገሩም። ከመኪና ሥር ሲገቡ ጋዜጣ ያነጥፋሉ። የፊት ገጹን ግን አያነጥፉም፤ "የመንግሥት ሰው ፎቶ ላይ ተኝቼ መዘዝ አልስብም" ብለው የማስታወቂያውን ገጽ ይመርጣሉ። ስለዚህ ከመኪና ሥር ወጥተው ሲመለሱ ጀርባቸው ላይ ሁልጊዜ "የሚሸጥ ቤት" ወይም "ጨረታ" የሚል ቀለም ታትሞ ይገኛል።

ለእኔ ያወጡልኝ ስም "የሙያ ጓደኛዬ" የሚል ነበር። ጸሐፊ ነበርኩ፤ የጽሕፈት መኪና። "አንቺም የመኪና ሰው ነሽ፣ እኔም የመኪና ሰው ነኝ፤ ልዩነታችን ያንቺ ጎማ የለውም" ይሉኛል።

የሚገርመው ግን፣ ያን ሁሉ መኪና የሚያውቁ ሰው መንዳት አይችሉም። ቤታቸው ላንቻ ነው፤ ጠዋት ወደ ካዛንቺስ በእግራቸው ይመጣሉ፣ ማታ በእግራቸው ይመለሳሉ። ምክንያቱን ሲጠየቁ ደረታቸውን ነፍተው "ነጂ መድረስ ነው የሚፈልገው። እኔ የምፈልገው ማወቅ ነው" ይላሉ። አስቴር የነገረችኝ ታሪክ ግን ሌላ ነው። መንጃ ፈቃድ ሊያወጡ ሦስት ጊዜ ተፈትነው ሦስቴም ወድቀዋል። ሞተሩን ሲያዳምጡ ትራፊኩን አያዩትም።

ከመኪናም መኪና ሞታቸው የድሮ አሜሪካ ሠራሽ ነው። ያኔ፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ እነዚያ ረጃጅም፣ ባለ ክንፍ፣ ፊታቸው ጥርሱን እንዳሳየ ሰው የሚያብለጨልጭ መኪኖች በከተማው ውስጥ አንዳንድ ቦታ ይታዩ ነበር። ባለቤቶቻቸው ሁሉ "ቀጥታ ከአሜሪካ የመጣች" ይላሉ። ጋሽ ደምሴ ይህን ሲሰሙ ቅንድባቸው ይነሳል።

"የቷ አሜሪካ?" ይላሉ። "አሜሪካ ስንት አሜሪካ አለ!"

ምን ማለታቸው እንደሆነ አንድ ቀን ከቢሯችን ሥር ካለችው ሻይ ቤት ቁጭ ብለው በእኔ ብስኩት አስረዱኝ። ብስኩቱን አምስት ቦታ ሰባበሩት።

"ይኸውልሽ፣ አሜሪካኖቹ ለውጭ አገር ሲሠሩ ሁሉንም ገጥመው አይልኩም። ይሄ ሻንሲው ነው፣ የሥሩ አጽም፤ ይሄ በሩ፣ ይሄ ኮፈኑ። ለየብቻ በሣጥን ያሽጉታል። ሣጥኑ መርከብ ላይ ይወጣል፤ ቤልጂግ ይወርዳል፣ ደቡብ አፍሪካ ይወርዳል። እዚያ ያለው ፋብሪካ ይፈታና ይገጥመዋል። መሪውን በግራ ለሚፈልግ በግራ፣ በቀኝ ለሚፈልግ በቀኝ። እኛም አገር ድሮ በግራ በኩል ነበር የሚነዳው፤ ያኔ የመጡት መሪያቸው በቀኝ ነበር። ገባሽ? አሜሪካ አርግዛ ሌላ አገር ያማጠችው ማለት ነው። እና ከየት ነው ትያለሽ? ካረገዘችው ነው ወይስ ካማጠችው?"

"አላውቅም ጋሽ ደምሴ። ብስኩቴ ግን የት ሄደ?"

ባዶውን ሳህን አዩት። እያስረዱ አንድ በአንድ በልተውታል። "ተገጥሞ አለቀ" አሉ፣ ምንም ሳያፍሩ።

የአስቴር ሰርግ ላይ የሆነው እንግዲህ ከዚህ ጠባያቸው የመጣ ነው። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነን። ሙሽሮቹ ተክሊል አድርሰው ወጥተዋል፣ እልልታው ቀልጧል፣ አበባ የለበሰች ነጭ ረጅም አሜሪካዊት በሯን ከፍታ ትጠብቃለች። ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ ልትገባ ስትል ሹፌሩ እጁን ዘርግቶ አስቆማት። "ቆይ፣ ቆይ፣ ሥር ሰው አለ!"

ጋሽ ደምሴ ነበሩ። የፕሮግራም ወረቀት አንጥፈው ገብተዋል። ሚዜዎቹ እግራቸውን ይዘው ሊጎትቱ ሲሞክሩ "አንዴ! አንዴ! ቁጥሩን ልጨርስ!" የሚል ድምፅ ከውስጥ ይሰማል። የአስቴር አባት ቁጡ ሰው ናቸው፤ ከዘራቸውን ያዝ አድርገው ጠጋ አሉ። በመጨረሻ ጋሽ ደምሴ አቧራቸውን እያራገፉ ወጡና የሙሽራዋን አባት ጨብጠው "እንኳን ደስ ያለዎት! ደቡብ አፍሪካ ናት!" አሏቸው።

ሰውዬው ስለ ልጃቸው የተነገረ መስሏቸው ክው ብለው ቀሩ።

ከሁሉም በላይ የማልረሳው ግን የሐጂ ከድርን መኪና ጉዳይ ነው።

ሐጂ ከድር ቂርቆስ አካባቢ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ፣ የተከበሩ ነጋዴ ናቸው። አንድ ሰማያዊ ኢምፓላ ነበረቻቸው፤ በንጉሡ ጊዜ እዚህ ያስተምር ከነበረ አሜሪካዊ ሲሄድ የገዟት። የዚያ ሰፈር ክርስቲያኑም እስላሙም ሲዳር በእሷ ነው። ሲያከራዩ "ቀጥታ ከአሜሪካ" ይላሉ፤ የሚጠራጠርም አልነበረም። አንድ ቀን ሴት ልጃቸው ሰሚራ ቢሯችን መጣች። ዓይኗ አብጧል።

"መኪናችን ታገደች" አለች። "ለቦሎ ምርመራ ወስደናት፣ ሻንሲዋ ላይ ያለው ቁጥርና ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር አይገናኝም ተባለ። የተሰረቀ መኪና ላይ ሌላ ሊብሬ ለጥፋችሁ ነው ይሉናል። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። አባዬ ከቤት መውጣት ትቷል። ጁምዓ እንኳ መስጊድ አልሄደም።"

ሥራ አስኪያጃችን ነገሩ የእኛ እንዳልሆነ ነገሯት። ኢንሹራንስ እንጂ ፖሊስ አይደለንም አሏት። ጋሽ ደምሴ ግን ካፖርታቸውን አንስተው "ነይ፣ መኪናዋ የት ነው ያለችው?" ብለው ተከተሏት። ማታ ሲመለሱ ጀርባቸው ላይ ሙሉ የጨረታ ማስታወቂያ ነበር፤ ፊታቸውም ያበራል።

"ሊብሬ ይዋሻል፣ ላሜራ ግን አይዋሽም!" አሉን። "መስታወቷ ጥግ ላይ ያለው ጽሑፍ ፈረንሳይኛ ነው። የሻንሲው ቁጥር የተመታበት መንገድ የአሜሪካኖቹ አይደለም። ቤልጂግ ናት! ሁለት ልደት ያላት መኪና ሁለት ቁጥር ይኖራታል። አንዱ ከሣጥኑ ጋር የመጣ፣ በሩ ሥር በትንሽ ቆርቆሮ የሚመታ ነው፤ ሌላው የገጠማት ፋብሪካ የመታው። ሊብሬው ላይ ያለው የመጀመሪያው ነው። ቆርቆሮው ቀለም ሲቀባ ወድቆ ጠፍቷል፤ የቀረው ሁለተኛው ነው። ሐጂ ንጹሕ ሰው ናቸው!"

በዚያው ሳምንት ለሁለቱም ፋብሪካዎች በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጻፍን። እሳቸው በአማርኛ ይነግሩኛል፣ እኔ እንደ አቅሜ እመልሳለሁ። "ክቡራን ሆይ፣ ጤናችሁን እየተመኘሁ" ካልገባ ብለው ከእኔ ጋር ግማሽ ቀን ተከራከሩ። ገባ። ከዚያ ጥበቃ ሆነ። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። ፖስታ ቤት ከመሄዳቸው ብዛት የፖስታ ቤቱ ዘበኛ "ጋሼ፣ የውጭ ዕድል ነው እንዴ የሚጠብቁት?" ይላቸው ነበር። በአራተኛው ወር ከቤልጂግ አንድ ገጽ ደብዳቤ መጣ። ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ መኪና ናቸው ይላል። ጋሽ ደምሴ ኮሪደሩ ላይ አስቴርን ይዘው አሽከረከሯት።

መኪናዋን ያገደው ምርመራ ቢሮ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ጥያቄውም ትክክል ነበር። የሻንሲ ቁጥር የሚመዘገበው ከሻንሲው ተነብቦ ነው። ታዲያ የቆርቆሮው ቁጥር ሊብሬው ላይ እንዴት ገባ? ማን ጻፈው? አውቆ ያደረገው ሰው ካለ ያው ወንጀል ነው።

ሰሚራ እንደነገረችን ዋናው ሊብሬ ውኃ ገብቶበት ተበላሽቶ ከዓመታት በፊት ምትክ ወጥቶ ነበር፤ ምትኩ የወጣው ከእኛ ቢሮ የተጻፈ የምርመራ ወረቀት ተያይዞ ነው። ጋሽ ደምሴ አስቴርን "ያንን ፋይል አውጪልኝ። የትኛው ደንቆሮ እንደጻፈው እንይ" አሏት።

አስቴር አቧራውን አራግፋ አመጣችው። እኔም ከኋላቸው ቆሜ አይ ነበር። ገለጡት። ጽሑፉን ለማወቅ ፊርማውን ማየት አላስፈለገኝም፤ ያንን ጅራቱ የረዘመ "ቁ" በቢሮው ውስጥ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነበር። የተሠራችበት አገር በሚለው ቦታ ላይ፣ በትልቁ፣ "አሜሪካ" ተብሎ ተጽፏል።

መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት። መልሰው አደረጉት። ወረቀቱ አልተለወጠም።

ክፍሉ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነን። አስቴር በሩን ገፋ አደረገችውና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ጋሽ ደምሴ፣ ይቺ ወረቀት ብትጠፋ ማንም አያውቅም እኮ። ስንቱ ፋይል አይጥ በልቶታል" አለቻቸው።

"ወረቀቷን አንቺ ታጠፊያታለሽ" አሏት። "እኔ ግን አልጠፋም። እዚሁ ነኝ።"

ጡረታ ሊወጡ ስምንት ወር ነበር የቀራቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ከጠረጴዛዬ ፊት ወንበር ስበው ተቀመጡና ደብዳቤ አስጻፉኝ። እኔ ከዚህ በታች የፈረምኩት ብለው ጀመሩ። መኪናዋን በዕለቱ ሳልመረምር፣ ከሥሯም ሳልገባ፣ የበሩን ቆርቆሮ ብቻ አይቼ ጽፌያለሁ፤ ባለቤቱ የሚያውቁት ነገር የለም፤ ስህተቱ የእኔ የብቻዬ ነው አሉ። ከዚያ ቀጠሉ።

"ከሥሯ ያልገባሁትም በዕለቱ አዲስ ሱፍ ለብሼ ስለነበር ነው።"

እጄን አነሳሁ። "ይሄንንስ ባይጽፉት? ማለቴ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት እኮ ነው የሚገባው።"

"ጻፊው!"

"ይስቁብዎታል።"

"ይሳቁ! ሃያ ዓመት ከመኪና ሥር የኖረ ሰው የዚያን ቀን ብቻ ለምን እንዳልገባ ካልነገርኳቸው ማን ያምነኛል? የልጄ ክርስትና ነበር፤ ዝናብ ጥሎ መሬቱ ጭቃ ነው። ሱፉ ደግሞ ግራጫ ነው። ግራጫ ብለሽም ጨምሪ።"

ግራጫ ብዬ ጨመርኩ።

ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ሲያነቡ በመስታወቱ በኩል አያቸው ነበር። አንዴ አነበቡ፣ ደግመው አነበቡ፣ "ሱፍ?" ሲሉ በከንፈራቸው ታወቀኝ። ከዚያ የነበረው ጭቅጭቅ እስከ ኮሪደሩ ተሰማ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ያጠፋል፣ ማኅተም አላደርግበትም አሉ። ጋሽ ደምሴም "ማኅተም አልፈልግም፣ የእኔ ፊርማ ይበቃል" ብለው ወረቀቱን ይዘው ወጡ።

ከምርመራ ቢሮው በፊት ግን ሐጂ ከድር ቤት ነበር የሄዱት። "ምስክር ትሆኚኛለሽ" ብለው እኔንም ወሰዱኝ። ሐጂ ሳሎን ውስጥ ሙስባሓቸውን እየቆጠሩ ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል። ሰሚራ በር ላይ ቆመች። ጋሽ ደምሴ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው መሐል ወለል ላይ ቆሙ።

"ሐጂ፣ ሌባ ያስባልኩዎት እኔ ነኝ" አሏቸው። ሁሉንም ነገሩ።

ሐጂ ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ። "ሰሚራ፣ ስንት ወር ሆነኝ ከቤት ከዋልኩ?" አሉ።

"አምስት ወር፣ አባዬ።"

"አምስት ወር" አሉ ለጋሽ ደምሴ። "ሠላሳ ዓመት ሰላም ያልኩት ሰው መንገድ ሲሻገርብኝ አይቻለሁ።" ከዚያ ሶፋውን አሳይተው፣ "ይቀመጡ" አሏቸው።

"ይቅር ሳይሉኝ አልቀመጥም።"

"ቆሞ ለሚያናግረኝ ሰው ይቅር አልልም።"

"እኔም ይቅር ካልተባልኩ አልቀመጥም።"

እንዲህ ተያይተው ቀሩ። ሁለት ግትር ሽማግሌዎች፤ አንዱ ቆሞ፣ አንዱ ተቀምጦ። ሰሚራ እኔን ታየኛለች፣ እኔ እሷን አያታለሁ። ቢጨንቀኝ የጋሽ ደምሴን ካፖርት ከኋላ ይዤ ወደ ታች ጎተትኩት። ሶፋው ላይ ዱብ አሉ።

"እሺ፣ ለመሆኑ ለምን አላዩትም?" አሉ ሐጂ።

ጋሽ ደምሴ ጀርባቸው እስኪታይ ጎንበስ አሉ። "አዲስ ሱፍ ለብሼ ነበር።"

ሐጂ አዩአቸው። ካኪውን ካፖርት አዩት፣ ጀርባው ላይ የታተመውን "አስቸኳይ ሽያጭ" አዩት። ከዚያ ከሆዳቸው የወጣ ሳቅ ሳቁ፤ ሙስባሓው ከእጃቸው እስኪወድቅ። ሰሚራ አባቷ ሲስቁ አይታ ማልቀስ ጀመረች።

"እና አሜሪካዊት አይደለችም በሉኛ?" አሉ ሐጂ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

"ብረቷ አሜሪካዊ ነው። የተገጠመችው ቤልጂግ ነው።"

"ወላሂ፣ ለስንት ሙሽራ ስዋሽ ኖሬያለሁ!"

መኪናዋ በሁለተኛው ሳምንት ተለቀቀች። ሊብሬው ላይ ሁለቱም ቁጥሮች ገቡ። ሐጂም በሚቀጥለው አርብ ራሳቸው እየነዱ መስጊድ ሄዱ። ሩቅ አልነበረም፣ በእግር ይደረስ ነበር፤ ግን ሰፈሩን ሁለቴ ዞሩበት፤ ክላክሱንም አላሳረፉትም አሉ።

ጋሽ ደምሴ ስምንት ወራቸውን አልጨረሱም። "በገዛ ፈቃዳቸው" የሚል የስንብት ደብዳቤ ተጻፈላቸው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነበር። ስሰጣቸው ቆመው አነበቡት፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ከዚያ እርሳሳቸውን አውጥተው አንድ ቦታ አከበቡ።

"ጡረታ ላይ አንድ ፊደል ዘለልሽ፣ የሙያ ጓደኛዬ። 'ጡታ' ብለሽኛል። ድጋሚ ጻፊው፤ በዚህ ዕድሜዬ ጡት አልጥልም።"

የመሸኛ ግብዣ አልተደረገላቸውም። አስቴርና እኔ ሻይ ቤቷ ወስደን ብስኩት ጋበዝናቸው። እሳቸውም በሣጥን ስለሚላክ መኪና ድጋሚ አስረዱን።

ከዚያ በኋላ እኔም ሥራ ቀየርኩ፣ አገባሁ፣ ሰፈር ለቀቅኩ። በዓመት አንዴ ሁለቴ መንገድ ላይ አገኛቸው ነበር፤ ከዚያ ያም ቀረ። ለዚህ ነው ሞታቸውን ከሰልፍ ላይ የሰማሁት። አፍሬ በዚያው ሳምንት፣ አርብ ከሰዓት፣ ላንቻ ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ ተቀብለው አለቀሱልኝ፣ አለቀስኩላቸው። ዓይኔን ጠርጌ ቀና ስል ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ነጭ ቆብ፣ ከዘራ። ሐጂ ከድር ናቸው።

"ከቀብሩ ጀምሮ አርብ ቀርተው አያውቁም" አሉኝ እትዬ ዘነቡ። "ከመስጊድ ሲወጡ በቀጥታ እዚህ ነው።"

ሐጂ አላወቁኝም። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ።

"የዚህ ቤት ለቅሶ ደራሽ አስቸገረኝ፣ ልጄ" አሉኝ። "የገባው ሁሉ 'ሐጂ፣ ለሟች ምናቸው ነዎት?' ይለኛል።"

"ምን ይሏቸዋል ታዲያ?"

"ምን እላለሁ? ወንድሜ ነው ብል አይመስል፤ ጎረቤቴ ነው ብል ቤታችን አይገናኝ። 'ሌባ ያስባለኝ ሰውዬ ነው' እላቸዋለሁ።"

እትዬ ዘነቡ በእንባቸው መሐል ሳቁ። ሐጂም ሊስቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳቁ ግን አልወጣላቸውም። ነጩን ቆባቸውን አወለቁና ፊታቸውን ሸፈኑበት።